ያልተበላው ፈረስ

«ቼዝ ያውቃሉ?»

ዋና ዳኛዋ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በአገናኝ መንገዱ አግዳሚ ወንበሮች ላይ የተደረደሩትን ወላጆች አንድ በአንድ ሲጠይቁ ቆይተው አሁን እናትየዋ ፊት ደርሰዋል። ከእሷ በፊት የተጠየቁት ሁሉ በኩራት አዎ ብለዋል። አንዱማ በወጣትነቱ ያገኘውን ዋንጫ መተረክ ጀምሮ ነበር፤ ዳኛዋ አላስጨረሱትም።

እናትየዋ ቦርሳዋን ወደ ጉልበቷ ሳበች። በድንገት ስትጠየቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር አጥፍታ የተያዘች ይመስላታል።

«አላውቅም» አለች። «ይቅርታ።»

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል? የምፈልገው የማያውቅ ሰው ነው። ይነሱ፣ ይግቡ።»

ነገሩን በሩ ላይ ቆመው አስረዷት። ውሃ የሚያድለው ሠራተኛ ዛሬ ቀርቷል። በደንቡ መሠረት ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ውሃ የሚያድልና በር የሚጠብቅ ሰው ጨዋታውን የማያውቅ መሆን አለበት። ከዚህ በፊት አንድ አባት ውሃ ሊቀዳ ገብቶ ለልጁ በሳል ሲነግረው ተይዟል፤ አንዴ ሲያስል ፈረስ፣ ሁለቴ ሲያስል ንግሥት። ልጁ ከውድድሩ ተሰረዘ፤ አባትየውም ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ የሚያምነው ሰው ጠፋ።

እናትየዋ ልጇ አዳራሹ ውስጥ መሆኗን ተናገረች። እንዲህ ስትል ይተዉኛል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ዳኛዋ ግን አገናኝ መንገዱን በአገጫቸው አሳዩዋት፤ እዚህ ልጁ ውስጥ የሌለ ማን አለ? ደግሞስ በማያውቁት ጨዋታ ላይ ምን ሊያደርጉ ነው? ብርጭቆና ማንቆርቆሪያ አስታቅፈዋት ገቡ።

ችግሩ ልጇ «እንዳትገቢ» ብላ ለምናት መሆኑ ነው።

ጠዋት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆመው ኩሽናቸው ውስጥ፣ እናትየዋ ለምሳ የሚቋጠረውን እንቁላል ለመጥበስ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልጅቷ በሩን ተደግፋ ብዙ ከቆየች በኋላ ነበር የተናገረችው።

«እማ፣ እንዳትቀየሚኝ። ግን ፊትሽን ሳይ የተሸነፍኩ ይመስለኛል።»

አልተቀየመችም። ቢያንስ አልተቀየምኩም ብላለች። በኋላ ግን እጇን ስትታጠብ ቀና ብላ በመስተዋቱ ውስጥ ፊቷን አየችው። በቅንድቦቿ መሐል ሁለት መስመሮች ቆመዋል፤ ሥራዋ የቀረጻቸው ናቸው። የምትሠራው በአንድ ላውንደሪ የልብስ መቀበያ ባንኮኒ ላይ ነው። ሰው ኮት ይዞ ሲመጣ ሌላው ኮት ያያል፤ እሷ የምታየው የተተረተረውን ገበር፣ የላላውን ቁልፍ፣ ኪሱ ሥር የተደበቀችውን የቀለም ጠብታ ነው። ሲገባ ያልታየ እንከን ሲወጣ የእሷ ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ የባንኮኒው ሕግ ይኸው ነው። ይህንን ሕግ ማታ ከሥራ ስትወጣ ጥላው መምጣት አልቻለችም። ቤትም ይዛው ትገባለች፤ ልጇ ስትስቅ ጥርሷን ሳይሆን በጥርሷ ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ ታያለች።

ባሏ ለሥራ በሄደበት ሩቅ ቦታ ሆኖ ጠዋት ደውሎ፣ ልጅቷን እንድትለቃት ለምኗት ነበር። «አንቺ እኮ ሰው ሳይሞት ለቅሶ ትደርሻለሽ» አላት። ሳቀች፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን ቦርሳዋን ማሰናዳቷን ቀጠለች። የራስ ምታት ክኒን፤ ልጅቷ ከጨዋታ በፊት አንዳንዴ ስለሚያስመልሳት ላስቲክ፤ ቅያሪ ሹራብ፤ የቁስል ፕላስተር፤ ውጭ ፀሐዩ እየነደደ ጃንጥላ። ከሁሉም ሥር ደግሞ አንድ ቸኮሌት። ቸኮሌቱ ከሽንፈቱ በኋላ ለሚመጣው ለቅሶ የተገዛ ነበር።

ለቅሶው እንደሚመጣ አልተጠራጠረችም። ዛሬ የመጨረሻው ዙር ነው፤ ከዚህ ውድድር ደግሞ ለወጣቶች ቡድን የሚመረጠው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ልጇ ሁለተኛ ናት። አንደኛው አሁን ከፊቷ የሚቀመጠው፣ ክራቫት ስለሚያስር ጓደኞቹ «ፕሮፌሰር» የሚሉት ልጅ ነው። በግማሽ ነጥብ ይበልጣታል፤ ስለዚህ አቻ መውጣት ይበቃዋል። ለእሷ ግን ማሸነፍ ብቻ ነው የሚያዋጣት።

ይህም ሳይበቃ የእናትየዋ ቃል አለ። ዛሬ ካልተመረጥሽ ሰሌዳው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፤ የትምህርት ቤቱን የመጨረሻ ፈተና እስክትጨርሺ አይወርድም። ልጅቷ እሺ ብላለች። እናትየዋ ይህን ያለችው ከክፋት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ልጅቷ ተሸንፋ ስትመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ምግብ ቢያቀርቡላት፣ ቢያባብሏት፣ ቢቆጧት አልዞረችም። ያንን ጀርባ ሁለተኛ ለማየት አንጀቷ አይችልም።

አዳራሹ ሰፊ ነው። ወፍራም መጋረጃዎች ብርሃኑን ከልክለውታል፤ በየጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፏል፤ የወለሉ ጣውላ ሲረግጡት ያቃስታል። የእሷ ቦታ በሩ አጠገብ፣ ማንቆርቆሪያው የተቀመጠባት ትንሽ ጠረጴዛ ጎን ነው። የበሩ የላይኛው ግማሽ መስተዋት ስለሆነ አገናኝ መንገዱ ይታያታል። የመጀመሪያው ጠረጴዛ፣ ትልቁ ጨዋታ የሚደረግበት፣ ከፊት ለፊቷ ጥቂት እርምጃ ላይ ነበር። ከመቀመጫዎቹ አንዱ ላይ ልጇ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች።

ልጅቷ ዘወር ስትል አየቻት። ዓይኖቿ ፈጠጡ። እናትየዋ ማንቆርቆሪያውን ትንሽ ከፍ አድርጋ አሳየቻት፤ አስገድደውኝ ነው ለማለት። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

በመስተዋቱ ውስጥ አንድ ሰው እጁን አውለበለበላት። የፕሮፌሰሩ አባት ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሲሆን የሥራ ሸሚዙን እንደለበሰ መጥቷል። ዳኛዋ ከመምጣታቸው በፊት አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ ነበር። ስለ ጨዋታው እሱም ምንም አያውቅም፤ ዳኛዋ ያልጠየቁት ሻይ ሊገዛ ሄዶ ስለነበር ብቻ ነው። ልጁን የሚመክረው አንድ ነገር እንደሆነ አጫውቷት ነበር። «መንገዱ ባዶ ሲሆን ፍሬን ያዝ። ባዶ መንገድ የሚሰጥህ ሰው ከሆነ ጥግ ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ ነገር አለ።» እናትየዋ ከጠዋት ጀምሮ የተስማማችበት የመጀመሪያው ንግግር ይህ ነበር። እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ነው ብላ ሳትጨርስ የማን አባት እንደሆነ ገባት። እሱም ገባው። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ትንሽ ትንሽ ተራራቁ።

ዳኛዋ እጃቸውን አነሱ። ልጆቹ ተጨባበጡ። ተጫዋች በተጫወተ ቁጥር የሚመታቸው፣ ከየሰሌዳው ጎን ያሉት ሰዓቶች ተመቱ።

ቼዝ አላውቅም ማለቷ ውሸት አልነበረም። እንዴት እንደሚሸነፉ ታውቃለች፤ እንዴት እንደሚያሸንፉ ግን አታውቅም። ጫፏ ሾጠጥ ያለችዋን፣ በሰያፍ የምትሄደዋን ጠጠር በስሟ እንኳ አትጠራትም፤ «ሾጣጣዋ» ነው የምትላት። ነገር ግን ልጅቷ ለወራት አንድ አጀማመር ስታጠና፣ ጥቁሮቹን የሚያንቀሳቅስላት ሌላ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። የኩሽናው ጠረጴዛ ግማሹ ሰሌዳ፣ ግማሹ መክተፊያ ሆነ። «ወታደሩን ብዪው» ትላታለች፤ እናትየዋ ቢላዋውን አስቀምጣ ትበላለች። «አሁን ያንን ሁለት ግፊው»፤ ትገፋለች። ቀስ በቀስ መናገር አላስፈለጋትም፤ እጇ ራሱ ለመደው፣ ካውያ እንደሚለመደው። ከዚያ የተነሳ ነጮቹ ጠጠሮች የእንጨት ሽታ አላቸው፣ ጥቁሮቹ ግን የሽንኩርት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሰሌዳዋን ስትከፍት ጓደኞቿ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። «ጥቁሮቼ ምሳ በልተው ነው የሚመጡት» ትላቸዋለች።

አጀማመሩ የንጉሥ ጋምቢት ይባላል። አሰልጣኟ ያስተማሯት እያመነቱ ነው። ይቺ ነገር ትልልቆቹ ተጫዋቾች የተዋት አሮጌ እሳት ናት፣ ወይ ትሞቂያታለሽ ወይ ታቃጥልሻለች ብለዋታል። እናትየዋ ሐሳቡን ስትሰማ ደነገጠች። ገና በሁለተኛው እርምጃ ከራስ ንጉሥ አጠገብ ያለውን ወታደር አውጥቶ ብላው ብሎ መስጠት! በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ፈረስ ይሰጣል፤ ያውም ሙሉ ፈረስ፣ ያውም በነፃ። ዛሬ ጠዋት እንቁላሉን እየጠቀለለች ለምናት ነበር፤ እባክሽ ያንን ጸጥተኛውን ተጫወቺ። ልጅቷ ቦርሳዋን እየዘጋች መለሰችላት፤ በጸጥተኛው የምትወጣው አቻ እንደሆነ፣ አቻ ደግሞ ለእሷ ሽንፈት እንደሆነ።

አሁን ነጩ ደርሷታል። የንጉሡን ወታደር ሁለት ገፋች። ፕሮፌሰሩም እንዲሁ። ልጅቷ ሳትዘገይ ከጎኑ ያለውን ወታደር አወጣች፤ በሩ ተከፈተ። ልጁ በላው። ፈረሱ ወጣ። ልጁ የጎን ወታደሩን ወደ ፊት አስሮጠ። ሾጣጣዋ ወጣች። ያ ወታደር አሁንም አንድ እርምጃ ተራምዶ ፈረሱ ፊት ቆመ፤ ልበላህ ነው ማለት ነው። ልጅቷ ፈረሱን ዞር ብላም አላየችው። ንጉሧን ከግንቡ ጀርባ ሸሸገችውና ሰዓቱን መታች።

እናትየዋ በማንቆርቆሪያው እጀታ ላይ ያሉት ጣቶቿ መንቀሳቀሳቸውን ያወቀችው በዚህ ጊዜ ነው። ፈረሱን ሊበሉ ሄደው ነበር። እጇን ፈጥና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ማን አየኝ? ዳኛዋ ከአዳራሹ ማዶ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰዋል። ግን ቢያዩስ? አላውቅም ብላ የገባች ሴት እያንዳንዱን እርምጃ ከመጣሉ በፊት ታውቀዋለች። የሚሆነው ሁሉ ወለል ብሎ ታያት፤ ጨዋታው ሲቆም፣ የልጇ ስም ሲጠራ፣ ያ አባት በሳሉ እንዳደረገው እሷም ልጇን በሽንኩርት እጇ ስታሰርዝ። ሄጄ ልንገራቸው ይሆን? ምን ብላ? ቼዝ አላውቅም፣ ይቺን ብቻ ነው የማውቃት? ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ከዚህ በኋላ አላይም አለች።

ግን እስካሁን የልጇ ጠረጴዛ ሰዓት ምት እንደ ዝናብ ጠብታ ሲከታተል ቆይቶ አሁን ቆሟል። ሳታስበው ቀና አለች።

ፕሮፌሰሩ ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ፈረሱን ያየዋል። በመስተዋቱ ማዶ አባቱን ያየዋል። እንደገና ፈረሱን ያየዋል። ከዚያ አንድ እጁን ከጭኑ ሥር አወጣና፣ ፈረሱን አልፎ፣ ከንግሥቱ ፊት ያለውን ወታደር በጥንቃቄ አንድ እርምጃ ብቻ ገፋው። አልበላም። ሰዓቱን ከመምታቱ በፊት ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ፣ ለሁለቱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አቻ?» አለ።

ለሦስቱ ነበር የተሰማው።

እናትየዋ ይህን እርምጃ ታውቀዋለች። ከማንም መጽሐፍ አይደለም፤ የራሷ ነው።

አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ፣ እዚሁ ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ እጇን አቆመች። ድካም ይሁን፣ በዚያን ዕለት ከደንበኛ ጋር ተጣልታ ስለመጣች ይሁን እንጃ፣ ፈረሱን መንካት አስጠላት።

«ብዪው እንጂ» አለቻት ልጅቷ።

«አልበላም።»

«ለምን?»

«ማንም ሰው ፈረስ በነፃ አይሰጥም። አንድ ነገር አለው።»

ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንዳንቺ ያለ ተጠራጣሪ በዓለም ላይ የለም፣ ውድድር ላይ ማንም እንዲህ አያደርግም አለቻት። እናትየዋ ግን ከንግሥቷ ፊት ያለውን ወታደር ያዝ አድርጋ አንድ እርምጃ ገፋችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ልጅቷ ሳቋን ስትጨርስ ሰሌዳው ላይ ተደፍታ ብዙ ቆየች። ከዚያ የራሷን ንግሥት ወታደር ሁለት ገፋች፤ ፈረሱን ግን እዚያው፣ ሞት አፍ ላይ ተወችው። «አልበላም ካልሽ እኔም አላነሳውም» አለች። እናትየዋ ምን እንደምትመልስ ልታስብ ስትል መጥበሻው ጨሰ፤ ሽንኩርቱ አርሯል። ተሯሯጡ፣ መስኮት ከፈቱ፣ ሰሌዳውን ለሳህኖቹ ቦታ አነሱት። ወደዚያ ቦታ ሁለተኛ ተመልሰው አያውቁም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለቱም አላዩትም።

አሁን ልጅቷ ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ጸጉሯን በሁለት እጇ ይዛለች። እናትየዋ ከኋላዋ ሆና ጆሮዎቿ ሲቀሉ ታያለች፤ እግሯ ከወንበሩ ሥር ይርገበገባል። ረስታዋለች። ያ የኩሽና ቀን ለእሷ የሳቅ ቀን ነው፤ የትምህርት ቀን አይደለም። የልጅቷ ቀኝ እጅ ተነሳ፣ ወደ ፈረሱ ሄደ፣ ከፈረሱ ጆሮ በላይ ቆመ። ከነካችው ማንቀሳቀስ ግድ ነው፤ ይህን ሕግ ኩሽና ውስጥም ያከብሩት ነበር፣ ሽንኩርት በእጃቸው ይዘው እንኳ። አነሳችው ማለት ደግሞ ይሸሻል። ከሸሸ ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ አቻ ነው።

እጁ በአየር ላይ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ሌላኛው እጇ ወደ ላይ ተነሳ።

ውሃ።

እናትየዋ ቀዳች። ጥቂት እርምጃ ነው፤ ግን በእነዚያ እርምጃዎች መሐል ከጠዋት ጀምሮ ስትለምነው የነበረው ነገር ሁሉ በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ መኖሩ ታያት። አቻ። ሁለተኛ ደረጃ፣ አንገት ላይ የሚጠለቅ ሜዳሊያ፣ ማንም አልተሸነፈም። ሰሌዳው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፤ ልጅቷ ሌሊት ትተኛለች፤ ግድግዳውን የሚያይ ጀርባ የለም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አልላትም። እሷ ከማታውቀው፣ ከሆነ ጥልቅ ቦታ፣ እንቢ በይው የሚል ነገር ወደ ጉሮሮዋ ወጣ። ከፍርሃቷ ይልቅ ይህ አስፈራት። ፍርሃት ሲሆን ፊቷ መሸከም ለምዷል፤ ይህንን የት ትደብቀዋለች? ልጇ ብታየው ነገረችኝ ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ልጇም ወደ ሰሌዳውም አላየችም። ብርጭቆውን ብቻ አየች፣ ባንኮኒ ላይ እንደሚቀርብላት ኮት። አፉ ላይ ትንሽ ፍንካች ነበረው። ፍንካቹን ከልጅቷ ወዲያ አዙራ፣ ብርጭቆውን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

የልጅቷ እጅ መጥቶ ብርጭቆውን ሊይዝ ሲል መንገድ ላይ ቆመ። አጭር ትንፋሽ በአፍንጫዋ ስትስብ ተሰማ። አንዴ። ደግማ ሌላ።

እናትየዋ እጇን እንደተቃጠለች ሳበችው። ጠዋት በሳሙና ታጥባዋለች፤ ደግማም ታጥባዋለች። የሽንኩርት ነገር አይለቅም። ፊቷን ስትጠብቅ፣ ዓይኗን ስትጠብቅ፣ ጣቶቿን ኪስ ውስጥ ስትቆልፍ ይህንን አላሰበችውም። ወደ ዳኛዋ ሰረቅ አድርጋ አየች። እያዩዋት ነው፣ ከመነጽራቸው በላይ። ያዩት ግን ውሃ የምታድል ሴት ነበር። ስለ ሳል ደንብ አለ፤ ስለ ሽታ የተጻፈ ደንብ መኖሩን እንጃ።

ልጅቷ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ከንፈሯ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ እናትየዋ የምታውቀው፣ መጥበሻ ሲያርርና መስኮት ሲከፈት የሚመጣ።

«እንቀጥል» አለችው ልጅቷ ለፕሮፌሰሩ፣ በትሕትና።

እጇ በፈረሱ ላይ አለፈ። አልነካውም። ከንግሥቷ ፊት ያለውን ወታደር ያዘና ሁለት ገፋው። ሰዓቱን መታች፤ ፈረሱን እዚያው፣ ሞት አፍ ላይ ተወችው።

እናትየዋ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ጠረጴዛዋን ተደገፈች። ፕሮፌሰሩ ክራቫቱን አላላ። ፈረሱን አየ፤ የተከፈተውን መሐል አየ፤ ወደ መስተዋቱ አየ። ከመስተዋቱ ማዶ አባቱ ሁለት መዳፎቹን ወደ ታች እየተጫነ ቀስ፣ ቀስ ይላል፤ ልጁ ግን የት ድረስ ቀስ ይበል? ፍሬን አንዴ ይዟል፤ መንገዱ አሁንም ባዶ ነው፣ ፈረሱም አሁንም መሐል መንገድ ላይ ቆሟል።

በሩ በጣት ስፋት ተከፈተ። ሾፌሩ አፉን ወደ ክፍተቱ አስጠግቶ፣ «እህቴ፣ እንዴት ነው? የኔው ደህና ነው?» አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን መልስ ነበራት። መጥፎውን አስቀድማ ትነግረው ነበር፣ ለእሱም ለራሷም።

«አላውቅም» አለች። ይህን ቃል ዛሬ ስትል ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። አሁን ግን እውነትነቱ አንድም ሽራፊ የሚጎድለው አልነበረም፤ የኩሽናዋ መንገድ እዚህ ላይ አልቋል።

እጇ ሥራ ፈልጎ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። ክኒኑን አገኘ፤ ላስቲኩን፤ ፕላስተሩን፤ የጃንጥላውን እጀታ። ሁሉም በየቦታው ነው፤ ለማስመለሱ፣ ለመቁሰሉ፣ ለዝናቡ፣ ለለቅሶው። ለማሸነፍ የሚሆን ምንም አልያዘችም። ሰው ለዚያ ምን እንደሚይዝ አስባም አታውቅም። እስከ ታች ወርዳ ቸኮሌቱን አገኘችው። ሲሰበር እንዳይጮህ ሹራቡ ውስጥ ጠቅልላ ሰበረችውና ግማሹን በበሩ ክፍተት አሾለከችለት።

ሾፌሩ ቸኮሌቱን አየ፣ እሷን አየ። «ልደት አለ እንዴ?»

«ይያዙት፣ ወንድሜ» አለች በሹክሹክታ። «ለአንዳችን ያስፈልጋል።»

በሩን ዘጋችው። ዳኛዋ ወደዚህ እንዳልዞሩ አረጋግጣ የቀረውን ግማሽ አፏ ውስጥ ከተተች። ጀርባዋን ለአዳራሹ ሰጥታ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ሾፌሩ ወረቀቱን ሲልጥ እያየች ቆመች።

ከኋላዋ እንጨት ከእንጨት ተጋጨ። ሰዓት ተመታ። ልጁ በላ።

ዞራ አላየችም። አሁን ልጇ አንገቷን ትደፋለች፣ ጸጉሯን ትይዛለች፣ ዝምታው ይረዝማል፤ መጥፎውን መጠበቅ ታውቅበታለች፣ ጠበቀችው። ቸኮሌቱ ገና ምላሷ ላይ ሳይሟሟ ሁለተኛው የሰዓት ምት መጣ፤ የልጇ ነበር።